አሮጌ ፒክአፕ፦ እንዳለች መሸጥ፣ ለሥራ አብቅቶ መሸጥ ወይስ ሙሉ በሙሉ አድሶ መሸጥ?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በገላን በኩል የሚኖር ሰው በአንዱ ግቢ ጥግ ሸራ ተጥሎባት የቆመች አሮጌ ፒክአፕ ሳያይ አይቀርም። አንዷ ባለቤቷ ካረፉ ወዲህ ማንም ያልነካት ዳትሰን ናት፤ ሌላዋ ድንችና ጎመን ስታመላልስ ኖራ ሞተሯ የነከሰ (ተጣብቆ የማይዞር) ሃይሉክስ ናት፤ አልፎ አልፎም መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያያት የ40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ትገኛለች። ባለንብረቱ ሊሸጣት ሲያስብ ከሦስት መንገዶች አንዱን መምረጥ አለበት፤ እንዳለች መሸጥ፣ ለሥራ አብቅቶ መሸጥ፣ ወይም ከፋብሪካ እንደ ወጣች አድርጎ አድሶ መሸጥ። እኔ በአለም ገና አካባቢ ባለች ጠባብ ግቢ ከመካኒኮችና ከባትላሜራ (የመኪና አካል) ሠራተኞች ጋር ሆኜ ሦስቱንም መንገድ ሞክሬአለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር ብዙ ባለንብረት ገንዘቡን የሚያጣው ለመኪናዋ የማይሆናትን መንገድ ስለሚመርጥ መሆኑን ነው።

ምርጫው ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜ ባላቸው ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ የቆየ መኪና ከውጭ ማስገባት የሚያዋጣ ሥራ መሆኑ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። በዚህ የተነሳ አገር ውስጥ ያለችና የምትሠራ አሮጌ ፒክአፕ ፈላጊ አላጣችም፤ እሷን ለማዳን የሚወጣው ወጪ ግን አብሮ አድጓል። ቀድሞ በግምት ተጀምሮ በትርፍ ያልቅ የነበረ እድሳት ዛሬ ያለ ስሌት ከተጀመረ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ጋቢናዋ ወርዶ፣ ሞተሯ ተፈትቶ በሣር ውስጥ የቀረች መኪና ደግሞ ከነበረችበትም ዋጋ በታች ትሸጣለች።

ሻንሲና ሊብሬ አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ስለ መሆኑ

ሦስቱን መንገዶች ከማወዳደር በፊት ሁለት ነገሮች ካልታወቁ ንጽጽሩ ራሱ ትርጉም የለውም። የመጀመሪያው ሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን የሚሸከመው የብረት አጽም ነው። የቀለም መላላጥ፣ የፓራፋንጎ መጨማደድ፣ የወንበር መቀደድ ሁሉ በገንዘብና በትዕግሥት ይስተካከላሉ፤ በዝገት የተበላ ወይም የተሰነጠቀ ሻንሲ ግን የመኪናዋን ዕድል ይወስናል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የባሕር አየር የለም፤ ነገር ግን የክረምት ጭቃ በሻንሲው ሣጥን ውስጥ ገብቶ በጋውን ሙሉ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመጣል። ስለዚህ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ጭቃውን አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየነኩ መሄድ ያስፈልጋል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማል፣ አንዳንዴም መዶሻው ይሰምጣል። ከሁሉ በላይ ባሌስትራው (ንብርብር ስፕሪንጉ) የሚታሰርባቸውን ቦታዎች፣ ከጋቢናዋ በስተ ኋላ ካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ) የሚጀምርበትን፣ ከኋላ አክስል በላይ ያለውን ጉብታ በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። ካትራሜ (ሬንጅ) የተቀባ ሻንሲ ካጋጠመ ተፍቆ ካልታየ በስተቀር ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስንጥቅ ሌላው ነው። የቆዩት ፒክአፖች ከሞላ ጎደል አንድ ቶን እንዲጭኑ የተሠሩ ሲሆኑ በእኛ አገር ግን ሁለት እጥፍ ተጭኖባቸው የኮረኮንች መንገድ ተጉዘዋል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ከጋቢናዋ ጀርባ ይጀምራል፤ የካሶኒው መስመርና የጋቢናዋ መስመር እኩል አለመሆናቸው የመጀመሪያው ምልክት ነው። መኪናዋ የት ስትሠራ እንደ ኖረች መጠየቅም ያስፈልጋል፤ በአፋር በኩል ጨው የጫነች ፒክአፕ ከላይ ብታምርም ከታች ያለቀች ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር በዓይን መመሳከር አለበት፤ ባለቤቱ ስለነገረን ብቻ ማለፍ አይገባም። የቆዩ ፒክአፖች በዕድሜያቸው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሞተር ቀይረው ሊሆን ይችላል፤ ለውጡ ካልተመዘገበ ስም ሲዛወር ችግሩ ይወጣል። ሟች አባት ወይም እናት ስም ላይ ያለች መኪና የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሳይመጣና ወራሾቹ ሁሉ ሳይስማሙ መሸጥ የለባትም። ቀድሞ የኤምባሲ ወይም የእርዳታ ድርጅት የነበረች ከሆነች ቀረጧ መከፈሉ ይጣራል። ለዓመታት የቆመች ከሆነች ያልታደሰው ቦሎ ምን ያህል ውዝፍ እንዳስከተለ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለባትም ከመዝገቡ ይጠየቃል። በከተማዋ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለን፤ ጎረቤት ከጎረቤት ቢሆንም አንዱ መኪና በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኦሮሚያ የተመዘገበ ስለሆነ ፋይሉ የሚገኝበት ጽሕፈት ቤት ይለያያል፤ ገዢው ፋይሉን ወደ ራሱ አካባቢ ማዛወር ስለሚኖርበት ይህን ቀድሞ አውቆ መንገር የሻጩ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻንሲው ደህና ሆኖ ወረቀቱ የተበላሸ ከሆነ፣ አስቀድሞ ወረቀቱ ይስተካከል፤ እስኪስተካከል ድረስ አንድ ቡሎን እንኳ መግዛት አይገባም። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሻንሲው የተበላ ከሆነ ደግሞ መንገዱ እንዳለች መሸጥ ነው፤ በዚህ ላይ ለማንም ሌላ ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

እንዳለች መሸጥ

ይህን መንገድ እንደ ሽንፈት የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ትክክል አይመስለኝም። ጊዜ የሌለው፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር የሚፈለግ፣ ወይም ታማኝ መካኒክ የማያውቅ ሰው እንዳለች ቢሸጥ ይሻለዋል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መካኒክ ነው፤ የሚከፍለውም የጥገናውን ወጪና ትርፉን ቀንሶ ነው። ይሁን እንጂ እንዳለች መሸጥ ማለት ምንም ሳይነኩ መሸጥ ማለት አይደለም። ሞተሯ የሚዞር መኪናና ሞተሯ የነከሰ መኪና በዋጋ በጣም ይራራቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ነክሷል የተባለው ሞተር በመቆም ብዛት ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት የካምቢዮ ዘይትና ናፍጣ አንጠባጥቦ፣ አራትና አምስት ቀን አቆይቶ፣ ከዚያ ካንዴላዎቹ እንደ ወለቁ የፊተኛውን ቡሎን በቁልፍ ይዞ በእጅ በዝግታ ማዞር ይቻላል። እምቢ ካለ መታገል አይገባም። በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ለማስነሣት መሞከር ደግሞ ፋሻ ይሰብራል። ከዞረ በኋላም አሮጌው ቤንዚን ከታንከሩ ወጥቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ የሚዞረው።

የተበታተኑ ዕቃዎችን መሰብሰብም ዋጋ አለው። በጎተራ ውስጥ የወደቀ የፊት ፍርግርግ፣ የፋሪ ክብ፣ የመስኮት እጀታ፣ በላዩ የተጻፈበት የፋብሪካ ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ ከመኪናዋ ጋር በአንድ ሣጥን ቢቀርቡ ገዢው መኪናዋን በሌላ ዓይን ያያታል። አንዳንድ ሰዎች ፈታትቶ በሶማሌ ተራ በኩል ለመለዋወጫ መሸጥ የበለጠ ያስገኛል ይላሉ። ለተበላ ሻንሲ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ)፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና በሮቹ ቶሎ ሲሸጡ ቀሪው አካል ለዓመታት ግቢ ይይዛል፤ ሰሌዳዋንና ፋይሏን ማዘጋቱም ለባለቤቱ ይቀራል። ለሌላ ሰው የሚሆን ጤነኛ ሻንሲ ያላትን መኪና መፍታት ግን ያሳዝነኛል።

ለሥራ አብቅቶ መሸጥ

ለብዙዎቹ አሮጌ ፒክአፖች የምመርጠው ይህን መንገድ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሐሳቡ መኪናዋ በደህና እንድትነሣ፣ እንድትቆም፣ እንድትታጠፍ፣ እንዳትግል፣ መብራቷ እንዲበራና ዓመታዊ ምርመራውን እንድታልፍ ማድረግ ነው፤ ቀለሟ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። የዚህ መኪና ገዢ በሆለታ ወይም በጫንጮ መንገድ አትክልት የሚያመላልስ ነጋዴ፣ የዶሮ እርባታ ያለው ሰው፣ ብሎኬት የሚያመርት ወይም ብረት የሚበይድ ባለሙያ ነው። እሱ የሚፈልገው ነገ ጠዋት ሥራ የምትጀምር መኪና ነው።

የሞተሩን ጤና ስንለካ የምንኖርበት ከፍታ መርሳት የለብንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማውን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። የመጭመቂያ መለኪያም (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው) እንዲሁ ነው፤ በባሕር ወለል 12 ባር የሚያነብ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር እዚህ 9 ባር አካባቢ ያነባል። የፋብሪካውን መጽሐፍ ብቻ ይዞ ሞተሩ አልቋል ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት ደህና ሞተር አስወርጄ አስጠግኛለሁ፤ ወጪው ከመኪናዋ ትርፍ በላይ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ የምመለከተው የሲሊንደሮቹን ልዩነት ነው፤ አራቱም እኩል ከሆኑ ወይም ልዩነታቸው ከአንድ ባር ካልበለጠ ሞተሩን አልነካም፤ አንዱ ብቻ ወድቆ ከተገኘ በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምሬ እንደ ገና እለካለሁ። ንባቡ ከጨመረ ችግሩ ፋሻው ላይ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።

ጥቁር ጭስም ከከፍታው ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ አየር ስለሚያንሰው ነዳጅ ያበዛል፤ የናፍጣ ሞተርም ፖምፓው የሚረጨው መጠን ካልተቀነሰ እንዲሁ ያጨሳል። በደንብ የጸዳ ካርቡሬተር፣ አነስ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ፣ ንጹሕ የአየር ፊልትሮ እና የተስተካከለ የብልጭታ ጊዜ አንድ ቀን ሥራ ናቸው፤ ሞተር ማውረድ ግን ሳምንታት ነው። ሰማያዊ ጭስ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እሱ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ታይቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎቹን መቀየር ይበቃ ይሆናል።

ውኃም በእኛ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍላቱን የሚያዘገየው ስለሆነ፣ ጎማው የደረቀ አንድ ክዳን ሙሉ ሞተር ሊያስበላ ይችላል፤ ይህ በተለይ በቶዮታ 2ኤል የናፍጣ ሞተር ላይ እውነት ነው፤ ቴስታታው ሲግል የመሰንጠቅ ባሕርይ አለውና። ስለዚህ ራዲያተሩን አስጠርጎ፣ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ቺንጋውንና ጎማ ቱቦዎቹን በአንድ ጊዜ መቀየር ከሁሉ ቀዳሚ ወጪ ይሁን። ወደ እንጦጦ ዳገት አውጥቶ ማየት ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ፈተና ነው።

ፍሬን ላይ መቆጠብ ኃጢአት ነው እላለሁ። የቆሙ መኪናዎች የፍሬን ዘይታቸው ውኃ ስቦ የየጎማውን ሲሊንደር ያዝገዋል፤ በውስጡ ያለውን ላስቲክ ብቻ ከመቀየር ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይገባል። የብረት ቱቦዎቹን በጣት እየዳሰሱ ዝገት መፈለግ፣ ላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉ ያለ ምርመራ መቀየር ይበጃል። በቆዩ የፍሬን ሸራዎችና የፍሪሲዮን ዲስኮች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ከበሮው ሲከፈት አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በውኃ አርጥቦ መጥረግ ነው። የነዳጅ ታንከር ቀዳዳ ለመበየድ የሚደፍር ሠራተኛ ካጋጠመም ባለቤቱ ያስቁመው፤ ባዶ የሚመስል ታንከር በውስጡ ያለው ተን ይፈነዳል። የጎማ ዕድሜ ደግሞ በጎኑ ከተጻፉት አራት አኃዞች ይነበባል፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ ለገዢ ሰጥቶ መሸኘት የሚያኮራ ንግድ አይደለም።

ቀለሙን ለምን እንዳለ እንተወዋለን? የእኛ አገር ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከሥሩ ምን ተሸፈነ ብሎ ነው። ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም ልክ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ሃይሉክስ በነሐሴ ወር ከቤት ውጭ አስቀብቼ ነበር፤ እርጥበቱ ከቀለሙ ሥር ገብቶ በመስከረም መጨረሻ አረፋ አወጣ። ሊገዛ የመጣው ሰው ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ በበሩ ግርጌ ሲያስጠጋው ስላልያዘ፣ ስቱኮው (የላሜራ መሙያው) ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ተረድቶ በብዙ ቀንሶ ገዛኝ። ቀጥላ የመጣችውን ዳትሰን ግን አጥቤ፣ ዝገቱን ፍቄ ፀረ ዝገት ብቻ ቀብቼ፣ የተቀየረውን ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ ይዤ አቀረብኳት። ያረጀ ቀለሟ እውነተኛነቷን መሰከረላት፤ በዋጋም ብዙ አልተከራከርንም።

ሙሉ በሙሉ ማደስ

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ለጥቂት መኪናዎች ነው። ጋቢናና ካሶኒ ከሻንሲው ይወርዳሉ፤ ሻንሲው እስከ ብረቱ ይፋቃል፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል ተፈትተው ይታደሳሉ፤ ላሜራው በስቱኮ ሳይሆን በአዲስ ላሜራ ይጠገናል፤ ቀለሙ በፎርኖ (በማድረቂያ ምድጃ) ይቀባል፤ ኤሌክትሪኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል። ከዓመት በታች ያልቃል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። የሚዘገየውም በጉልበት እጥረት ብቻ ሳይሆን ትንንሽ ዕቃዎች ባለመገኘታቸው ነው፤ ሞተር ይገኛል፣ የዳሽቦርድ ቁልፍ ግን ወራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሙሉ እድሳት ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት የሚታዩት የፋብሪካ ዕቃዎች አሉ ወይ የሚለው ነው፦ ፋሪዎቹ፣ ፍርግርጉ፣ መሪው፣ ሰዓቶቹ፣ የበር እጀታዎቹ። እነዚህ የሌሉባትን መኪና ወደ ሁለተኛው መንገድ መመለስ ይሻላል።

ገዢውም ሌላ ሰው ነው። አሮጌ መኪና የሚወድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ፣ ለሠርግና ለፊልም ቀረጻ የሚያከራይ፣ ወይም እዚህ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ገዢዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ሲመጡ ግን እያንዳንዱን ቡሎን ያያሉ። ለእነሱ ጥሩው ማስረጃ ሥራው በየደረጃው የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ ባዶው ሻንሲ፣ የተቆረጠው ዝገት፣ የተበየደው አዲስ ላሜራ፣ ከቀለም በፊት ያለው ገጽ ሁሉ ቢታይ ጥርጣሬው ይወገዳል። ቀለሙ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል የተጠቀመበት ቢሆን ይመረጣል፤ በሊብሬው ከተጻፈው የሚለይ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ጽሕፈት ቤቱን አስፈቅዶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሳይሆን በውኃ መፋቅ፣ ልጆችንም ከአቧራው ማራቅ ይገባል። የቀለም ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት እንዲያርፍ አድርጎ ማቀድ ለውጤቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የትኛዋ መኪና ለየትኛው መንገድ

ሃይሉክስ ለሁለተኛው መንገድ የተሠራች ትመስላለች። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተች ስለሆነች ትውልዶቿ ብዙ ናቸው፤ በ1980ዎቹ የወጡት ባለ 2.2 እና ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣዎች ዛሬም ይሠራሉ፤ መለዋወጫቸውንም በመርካቶ የማያገኝ የለም። ሥራ የምትችል ሃይሉክስ ቶሎ ትሸጣለች፤ ሙሉ በሙሉ አድሶ ወጪውን ማስመለስ ግን ይከብዳል፤ ገዢዋ ጭነት እንጂ ውበት አይፈልግባትምና። በጣም የቆየችው፣ የ1970ዎቹ ባለ ቤንዚን ሞተር ሙሉ ሆና ከተገኘች ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ዳትሰን 620 ከ1972 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. የተመረተች፣ መልኳ የሚወደድ መኪና ናት። ሞተሯ ቀላል ነው፤ ላሜራዋ ግን ስስ ስለሆነ በበሮቹ ግርጌና በወለሉ ትዝጋለች። የተካችው 720 በተለይ ባለ ናፍጣዋ ለሥራ ትመረጣለች። ሁለቱንም ለሥራ አብቅቶ መሸጥ የተሻለ ነው፤ ወለሏ የተበላውን ግን እንዳለች።

የፔጆ 404 እና 504 ፒክአፖች በዕድሜ የገፉ ነጂዎች በፍቅር የሚያነሷቸው ናቸው። ለስላሳ መኪናዎች ናቸው፤ መሪያቸውም ቀላል ነው። ችግራቸው ዛሬ እነሱን በደንብ የሚያውቅ መካኒክ ማነሱ ነው። አንድ አዛውንት መካኒክ በሰፈሩ ያለው ሰው ያድሳት፤ የሌለው እንዳለች ይሽጣት። የቆዩ የቤንዚን ሞተሮችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ እርሳስ በነበረበት ቤንዚን ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫቸው ለስላሳ ስለሆነ በዛሬው ቤንዚን ቶሎ ይበላሉ። ቴስታታው አንዴ ከወረደ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ተገቢ ነው።

ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ተመርታለች። አካሏ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ አይዝግም፤ ማግኔትም አይይዘውም፤ ስለዚህ የማግኔቱ ፈተና እዚህ አይሠራም። ሻንሲዋና ከመሪው ፊት ያለው ግድግዳ ግን ብረት ናቸው፤ አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚነካኩበት ቦታ ደግሞ መበላላት አለ። ሻንሲዋ ደህና ከሆነ ለሦስተኛው መንገድ ትመቻለች፤ በቡሎን የተሰካካች ስለሆነች በቤት ግቢ ውስጥ እንኳ ልትፈታና ልትገጠም ትችላለች።

የ40 ተከታታይ የሆኑት ላንድ ክሩዘር 45 እና 47 ፒክአፖች፣ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተመረቱት፣ ከሁሉ የተለዩ ናቸው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተራቸው በናፍጣ 3.6 ወይም 4.0 ሊትር ነው፤ በመላው ዓለም ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። ሻንሲዋና ወረቀቷ ንጹሕ የሆነችን እንዲህ ያለች መኪና በችኮላ ለሥራ ብቻ አብቅቶ መሸጥ ባለቤቱን ይጎዳል፤ ገንዘብ ከሌለው እንኳ ምንም ሳይቀይርና ሳይቀባ፣ የፋብሪካ ዕቃዋን ጠብቆ እንዳለች ለሚያድሳት ሰው ቢሸጥ ይሻላል። በእሷ ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት የሌላ መኪና ሞተርና ፋሪ መግጠም ነው።

አሸጣጡ

ለሥራ የበቃች ፒክአፕ በደላላ ብትሸጥ አያስቆጭም፤ ደላላው ሥራ የሚፈልጉ ገዢዎችን ያውቃል፤ ኮሚሽኑ ግን አስቀድሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይወሰን። ሙሉ በሙሉ የታደሰችውን ለደላላ መስጠት አልመክርም፤ ታሪኳን መናገር የሚችለው ያደሳት ሰው ነው፤ በቴሌግራም ከፎቶግራፎቹ ጋር አቅርቦ መጠበቅ ይሻላል። የጊዜ ጉዳይም አለ፤ በእኛ አካባቢ ምርት ከገባ በኋላ በጥርና በየካቲት የጭነት መኪና ፈላጊ ሲበዛ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሲቀንስ አይቻለሁ። የሰሌዳው ኮድም ገዢውን ይመርጣል፤ የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ ሊጭን የሚፈልግ የንግዱን ኮድ 3 ይጠይቃል፤ ለራሱ ሥራ የሚገዛ በግሉ ኮድ 2 ይረካል።

በመጨረሻም ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ መኪና ማስረከብ በዙሪያችን የተለመደ ሆኗል፤ ገዢው የዝውውሩን ወጪ ለማዘግየት ይመርጠዋል፤ ሻጩም ገንዘቡን ስለተቀበለ ዝም ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ሰው እጅ አደጋ ብታደርስ፣ ስሙ በመዝገብ ላይ ያለው ሻጭ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ ቀሪው ገንዘብና ቁልፉ የሚለዋወጡት በገዢው ስም የወጣው ሊብሬ ቅጂ በሻጩ እጅ ሲገባ ይሁን።